ዘጠነኛው ሉህ

ከዊንጌት በምሳፈርበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ካለኝ ሙዚየም ነው እላለሁ። ወዲያው ስለ አጥንት ይጠይቀኛል። አይ፣ እኛ ጋ አጥንት የለም፣ የምንጠብቀው የቤት ንድፍና የቤት ፎቶግራፍ ነው ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አልቀየመውም፤ እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበርኩ። የፈረሰ ቤት ወረቀት ለማን ምን ይፈይዳል፣ ያልፈረሰውስ ቢሆን ቤቱ ራሱ ቆሞ እያለ ወረቀቱ ምን ሊሆን ነው እል ነበር። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚከራከረኝ ከተገኘ ግን መውረጃዬን አልፌ እስከ ሸጎሌም ቢሆን አብሬው ሄጄ እከራከረዋለሁ።

የንድፍ ክፍሉን የምንይዘው ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ አለቃዬ ነው፤ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ጨዋ፣ ግን ደንብ ነፍሱ ነው። እጅ ይታጠብ፣ ጓንት ይደረግ፣ እስክርቢቶ እንዳይገባ፣ እርሳስ ብቻ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ክፍሉ ዙሪያውን ሰፋፊና ጠፍጣፋ የብረት መሳቢያ ነው፤ መሃሉ ላይ ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለ። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። እግሬ ላይ ያበጠው ደም ሥር የእሱ ስጦታ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከብዙ ዘመን በፊት የተዘጋ የአንድ ንድፍ ቢሮ ወራሾች ጋራዣቸው ውስጥ የተከማቸውን ዕቃ ሁሉ ሰጡን። ሁለት ሣጥን ፎቶግራፍ፣ አንድ ወፍራም የሥራ መዝገብና ብዙ ረጃጅም የቆርቆሮ ቱቦ ነበር። መዝገቡ ከባድም አቧራማም ስለነበረ ለሌላ ቀን ይሁን ብዬ ጥግ አስቀመጥኩት። ስንፍና ነው፣ አልክድም። ከቱቦዎቹ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጥቅል ስፈታ ወረቀት ነበር የጠበቅኩት፤ ጨርቅ ሆኖ አገኘሁት።

ስስ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ በአንድ ወገኑ ሰም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። አለቃዬ አስረዳኝ። ድሮ ዋና ዋናው ንድፍ የሚሠራው ስታርች ጠጥቶ በደረቀ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነበር። ወረቀት ይቀደዳል፣ ጨርቁ ግን ስንት ጊዜ ቢጠቀለልና ቢፈታ አይበገርም፤ ብርሃንም ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለውን ለመገልበጥ ይመቻል። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አልሰማሁትም። ጨርቁን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ መብራቱን አብርቼ ነበር።

ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያለ እጅ ነው። በሕይወቴ ብዙ ንድፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የትም አይወፍርም፣ የትም አይንቀጠቀጥም። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የመስኮቱ ማጠፊያ፣ የበሩ መርገጫ፣ ዝናብ የሚወርድበት አሸንዳ ሁሉ አለ። ገና ያልተሠራ ቤት ነው፣ ግን ሰውየው ገብቶ የኖረበት ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድ ጥግ ላይ ከሌላው ይልቅ ብርሃን የበዛበት ቦታ አየሁ። ተሳስቶ ኖሮ ቀለሙን በምላጭ ፍቆታል፤ ከዚያ የሻከረውን በጥፍሩ አለስልሶ መስመሩን እንደገና አስምሮበታል። ትክክሉን ሳይ ተደንቄ ነበር፤ ስህተቱን ሳይ ግን በቃ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሰውም ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ደግሞ እንዲህ አድርጎ ያርማል። ጓንት ያደረገ ጣቴን እዚያች የተፋቀች ቦታ ላይ አሳርፌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አለቃዬ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ቀኑን ሙሉ ሊጾሙ ነው ወይ ብሎ ቀለደብኝ።

ሌላ የገረመኝ ነገር ደግሞ ቤቱን አውቀዋለሁ። የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ነው፤ ወደ ቁስቋም በሚወጣው መንገድ ሥር፣ እኛው ሰፈር ጉለሌ ያለው፣ ክብ የመጠበቂያ አዳራሽ ያለው። በየቀኑ በሩ ላይ ነው የማልፈው። ሉሆቹ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር አላቸው፤ በቀኝ በኩል ሥራቸው ላይ የንድፍ ሠሪው ትንሽ ፊርማ አለች። በዚያ ቢሮ የሌሎቹ ንድፍ ሠሪዎች ሉህ ዙሪያው በአንድ መስመር ነው የሚከበበው። የእሱ ብቻ ሁለት ነው፤ ከውጭ ወፍራም፣ ከውስጥ ቀጭን፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። በተራ ዘረጋኋቸው። ስምንት አለ፣ አሥር አለ፣ ዘጠነኛው የለም። በእኛ ሥራ የለም ማለት የዕለት እንጀራ ነው፤ አንዱን አይጥ በልቶታል፣ አንዱ ቁምሳጥን ተነጥፎበታል። «ዘጠነኛው አልተገኘም» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ወንድሞቼ አግብተው ወጥተዋል፣ አባቴ አርፏል፣ እኔና እሷ ቀርተን ቀኑን ሙሉ ስንነታረክ እንውላለን። ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ዓይኗ ግን ከእኔ ይሻላል፣ እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችንን የመዘምራን ልብስ የምትጠግነው እሷ ናት። ከእንጦጦ ማዶ ከገጠር የመጣች የኦሮሞ ልጅ ናት፤ በወጣትነቷ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ታጸዳ እንደነበር አውቃለሁ። የምን ቢሮ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አፍራለሁ ይሄን ስጽፍ። ልጅ የእናቱን ድካም እንጂ የእናቱን ሥራ አይጠይቅም መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የአንዱን ዘማሪ እጅጌ ትሰፋለች። ስለ ጨርቁ እነግራት ጀመር። ማለቴ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ነበር የማወራው፤ ስለ መስመሩ፣ ስለ ተፋቀው ቦታ፣ ክሊኒኩ የእኛው ሰፈር ክሊኒክ ስለመሆኑ። መርፌዋ ቆመ።

«ዘጠነኛው አለ?» አለችኝ።

እኔ ስለ ዘጠነኛ ነገር አላነሳሁም። የለም አልኳት። መርፌውን እጅጌው ላይ ሰካችና ልብሱን ወደ ጎን አስቀመጠችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእናቴ ዝምታ ግን ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖሮ ያን ቀን በረንዳው ላይ ዱቄቱ ተራገፈ።

ትሠራበት የነበረው ቢሮ ያ ቢሮ ነበር። ንድፍ ሠሪዎቹ ልኩን የሳቱትን ጨርቅ ከቅርጫቱ አጠገብ መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ የተፈቀደ ነው። እሷ ቤት ወስዳ ትቀቅለዋለች፤ ስታርቹ ሲለቅ ቀለሙም አብሮት ይሄድና ገበያ የማይገኝ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ይወጣዋል። መሐረብ ትሰፋበታለች፣ የትራስ ልብስ ትሰፋበታለች። እኔን በወለደች ሰሞን አንድ ዓርብ ቀን መሬት ላይ ሦስት ጨርቅ አገኘች፤ ወሰደች። ከሦስቱ ንጹሑን መርጣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ቆርጣ ለእኔ ቀሚስ ሰፋች። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮው ተተረማመሰ፤ የክሊኒኩ ሉህ ጠፋ ተባለ። እሷ ወረቀት መስሏታል። ማንበብ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፊደል የቆጠረችው በኋላ ነው። ፍለጋው ሲበዛ ጽዳቷም ትጠየቅ ተባለ፣ ግን ሳትጠየቅ ቀረች፤ ምክንያቱም ንድፍ ሠሪው ሉህ አጥፍቷል ተብሎ ከሥራ ተሰናበተ። በመስኮት በኩል የሚቀመጠው፣ ረዘም ያለው፣ ለእሷ ሁልጊዜ እንደምን አደርሽ የሚለው ሰውዬ። ብዕሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲወጣ ደህና ሁኚ ብሏታል።

የጠፋው ዘጠነኛው ሉህ መሆኑን፣ ሉሁም ጨርቅ መሆኑን የሰማችው እሱ ከሄደ ከሳምንት በኋላ ነው።

«ያኔ ብናገር ይመልሱት ነበር» አለችኝ። «አባትሽ ሥራ የለውም፣ አንቺ ጡት ላይ ነሽ። አልተናገርኩም። ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ ይቅር ብሎኛል። ሰውየው ግን አልሰማም። የወሰድኩት ያ ይሁን ሌላ ይሁን እንኳን አላውቅ። እሱን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ተነስታ ገባችና ከሣጥኗ ያቺን የሕፃን ቀሚስ አመጣችልኝ። እኔ ለብሻታለሁ፣ ወንድሞቼም በተራ ለብሰዋታል፤ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ። ያን ቀን ግን ለመንካት ፈራኋት። ድንገት ሌላም ነገር ገባኝ። ልጆች ሆነን እናታችን የምታስከትበን ሰፈራችን ክሊኒክ እያለ በእግር አንድ ሰዓት ሄዳ ነበር። ለምን ስንላት እዚያ ይሻላል ትለን ነበር።

ከመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ይዞ መግባት ግን ማንም አልከለከለም፣ እንዲህ የሚያደርግ እብድ አለ ብሎ ማን አስቦ። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ስብሰባ ሲገባ ቀሚሷን ከቦርሳዬ አውጥቼ መስታወቱ ላይ ዘረጋኋት። መብራቱን አበራሁ። ነጭ ናት፣ ምንም የለባትም። እፎይ አልኩ። ከዚያ የታጠፈውን ጠርዟን በጥንቃቄ ገለጥ አደረግኩ። ውሃው በደንብ ያልደረሰበት እጥፋት ውስጥ ሁለት ግራጫ መስመር አለ፤ ከውጭ ወፍራም፣ ከውስጥ ቀጭን።

መብራቱን ዝቅ አደረግኩና በማጉያ መነጽር ጀርባዋን ማየት ጀመርኩ። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ እናቴ በነጭ ክር የደፈነቻት አንዲት ደቃቃ ቀዳዳ አለች። ልጅ ሆኜ የመርፌ ስህተት ትመስለኝ ነበር። የኮምፓስ እግር የቆመባት ቀዳዳ ናት። መብራቱ ሲደበዝዝ፣ ከዚያች ክር የሚነሱ መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቀለሙ ሄዷል፣ ጥላው ግን አልሄደም። ግራ ቀኝ፣ ወደ ብብቷ፣ ወደ ጠርዟ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፤ ዙሪያቸውን አንድ ክብ አቅፏቸዋል። ከፎቶግራፎቹ ሣጥን ውስጥ የክሊኒኩን አዳራሽ ጣሪያው ሳይከደን የተነሳውን አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ። የጣሪያው ወራጆች ሁሉ መሃል ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ያው ነው። ዘጠነኛው ሉህ የጣሪያው ንድፍ ነበር፤ እኔ በጨቅላነቴ ለብሼው ነበር።

እንዴት ብዬ ልናገረው። ሰው ከሞላ ጎደል ዕድሜውን ሙሉ የሌሎችን ቤት ሲመዘግብ ኖሮ አንድ ሰኞ ጠዋት የራሱን ጀርባ ንድፍ ላይ ያገኛል። እንባ መጣብኝ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳይወርድ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ያ ሁሉ መደነቅ ሳይበርድልኝ ደግሞ የእናቴ ነገር መጣ። በቃ፣ የወሰደችው ዘጠነኛውን ነው። ሃምሳ ዓመት የፈራችው እውነት ነው። ማታ ምን ልበላት? አልተገኘም፣ ሌላ ጨርቅ ነው ብዬ ልዋሻት አሰብኩ። እሷን መዋሸት ደግሞ አይሆንልኝም፤ ገና በሩን ሳልፍ ታውቅብኛለች።

አለቃዬ ሲመለስ የሕፃን ቀሚስ መስታወቱ ላይ አገኘ። ደንብ ሊያነብልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሄዶ ጥግ ላይ የጣልኩትን መዝገብ ተሸክሞ አመጣው። ንድፍ ሠሪዎቹ እያንዳንዱን ሉህ መቼ እንደጨረሱ በእጃቸው እየጻፉ የሚፈርሙበት መዝገብ ነው። ሁለታችንም ቆመን ገለጥን፤ የክሊኒኩን ገጽ አገኘነው። ዘጠነኛው መስመር ላይ፣ በዚያው በማይንቀጠቀጠው እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ «ዘጠነኛው ሉህ ቀለም ስለደፋሁበት ራሴ ጥዬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከሥሩ ያቺው ትንሽ ፊርማ።

አለቃዬን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ራሱ ነው ያበላሸው፣ ራሱ ነው የጣለው፤ እናቴ የተጣለ ነው ያነሳችው። ነፃ ናት። ገጹንና ሌላ አንድ ፎቶግራፍ፣ ንድፍ ሠሪዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው የሚታዩበትን፣ በስልኬ እንዳነሳ ፈቀደልኝ። ያን ቀን ሚኒባሱ አልደርስ አለኝ፤ ረዳቱን በየፌርማታው አትቁሙ እያልኩ ስነተርከው ሰው ሁሉ ታመመች መሰለው።

ለእናቴ መጀመሪያ ፎቶግራፉን ሰጠኋት። ቀረብ አድርጋ አየችና ጥጉ ላይ የቆመውን ባልዲ በጣቷ ነካችው፤ የእኔ ነው አለች፣ እጀታው በሽቦ የታሰረው። ከዚያ ጣቷ በመስኮት በኩል ወዳለው ሰው ሄደ። ፊቱ ወደ ጠረጴዛው ስለተደፋ ግንባሩና እጁ ብቻ ነው የሚታየው። እሱ ነው አለች ቀስ ብላ። ስልኩን ተቀብዬ የመዝገቡን ገጽ ከፈትኩላት። እንዳነብላት አልፈለገችም፤ ራሷ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ ጌታ ይመስገን እስክትል እየጠበቅኩ ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀለም አልፈሰሰበትም» አለችኝ። «ከመስመሩ በቀር ምንም አልነበረበትም። ንጹሕ ስለነበረ እኮ ነው ለአንቺ የመረጥኩት።»

ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጨርቁ ከጠረጴዛ ወድቆ እንጂ ተጥሎ አልነበረም። እሷ ግን ቀድማኝ ነበር። ፍለጋው በጦፈበት ሰሞን፣ የሚይዘኝ ስላልነበረ አዝላኝ ሥራ ገብታ፣ ቀሚሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለበሰችኝን ቀን ነው ያስታወሰችው። ወለል ልትወለውል አውርዳ ወንበር ላይ ስታስተኛኝ ሰውየው መጣና አነሳኝ። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቱ ያዘ፣ ገለጥ አደረገው፤ ለረጅም ጊዜ አየው። ማን ሰፋው አላት። እኔ አለችው። «እጅሽ ይባረክ» አላት። መልሶ አስተኛኝና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። በማግስቱ ጠዋት የአለቃው ክፍል ገብቶ በር ሲዘጋ አየችው። ሁለቱን ነገር አገናኝታ አታውቅም ነበር፤ ያሞገሳት መስሏት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ነበር የዋለችው።

የራሱን መስመር በጣቱ ይዞ ነው እጅሽ ይባረክ ያላት። እናቴ አለቀሰች። እኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም፣ አባቴ ሲሞት እንኳ ጓዳ ገብታ ነው። በኦሮምኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኔ የማልሰማው አይደለም፣ ግን ለእኔ ስላልነበረ እዚህ አልጽፈውም። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለእሷ ይሁን፣ ለሰውየው ይሁን፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ ስሙን እንኳ ሳንይዝ ስላመለጠን ይሁን እንጃ። አለቃዬ ዘመዶቹን ለማፈላለግ ሞክሮ ነበር፤ እናቴ ስሙን አታውቅም፣ ወራሾቹም አያውቁትም፣ ከፊርማው ሌላ የተረፈ የለም።

በነጋታው እናቴ ትእዛዝ ሰጠች። ቀሚሷ ቤቷ መግባት አለባት አለች። እማዬ፣ ሙዚየም እኮ የሕፃን ልብስ አይቀበልም፣ ደንብ አለ ብላት፣ ደንቡን እኔ አነጋግረዋለሁ አለችኝ። ለካ አላስፈለገም። አለቃዬ የርክክብ ቅጹን አስቀድሞ ሞልቶት ጠበቀኝ። የዕቃው ዓይነት በሚለው ላይ የንድፍ ሉህ፣ ጨርቅ፣ ብሏል። ያለበት ሁኔታ በሚለው ላይ ደግሞ ተቀቅሏል፣ ተቆርጧል፣ ተሰፍቷል፣ ሦስት ሕፃናት ለብሰውታል ብሎ ጽፏል። ይሄ የደንብ ሰው። ሳነበው ሳቄ መጣ።

የምንወስድበት ቀን እናቴ የእሑድ ልብሷን ለበሰች። ታክሲ ከመያዛችን በፊት ወደ ክሊኒኩ ውሰጂኝ አለችኝ። ዕድሜ ልኳን በበሩ ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነበር። ገባን። ክቡ አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ እናቶች ሕፃን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይጠባል። እናቴ መሃል ድረስ ሄዳ ቆመችና ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ። ከዙሪያው ግድግዳ የተነሱት ወራጆች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመጣሉ፤ ከሥራቸው አንድም ምሰሶ የለም፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ሉሁ ከጠፋ በኋላ ሌላ ሰው በጥድፊያ በወረቀት ገልብጦት ይሆናል፤ የሠራው ማንም ይሁን፣ ሐሳቡ የዚያ ሰው ነው። ሃምሳ ክረምት ዘንቦበታል፣ አያፈስም። አንዷ እናት አሮጊቷን ያመማት መስሏት ቦታ ለቀቀችላት። እናቴ አልተቀመጠችም፤ አንገቷ እስኪደክም ድረስ አየች።

ሙዚየም ስንደርስ አለቃዬ ከበር ተቀበላት፣ እጇን አስታጠባት፣ ጓንት አጠለቀላት። መሳቢያውን ሳብኩ። ስምንተኛው ሉህ ይታያል፤ አሥረኛው ነጭ ወረቀት ለብሶ በጎን ተቀምጧል። እናቴ ቀሚሷን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ስምንተኛው ላይ በተነጠፈው ስስ ወረቀት ላይ አስተኛቻት፤ እጅጌዎቿን አቃናች፣ የታጠፈውን ጠርዝ ሁለቱ መስመር እንዲታይ ገለጥ አድርጋ ተወችው። አሥረኛውን ከላይ ልናለብስ ስንል ቆዩ አለችን። ጓንት ያደረገ ጣቷን ወደ ጥግ ወሰደችና ስምንተኛው ሉህ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊርማ ነካቻት።

«እጅዎ ይባረክ» አለች።

ከዚያ እጇን መለሰችና መሳቢያውን ዝጉት አለችን።